ዘፈን የተጫነበት ሠርግ

በሰማንያዎቹ አጋማሽ መካኒሳ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ማየት ራሱን የቻለ ግብዣ ነበር። ሠርጉ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ቪዲዮ አንሺው "ደርሷል" ብሎ ሲልክ የሙሽራዋ ቤት ጎረቤት ይጠራል፣ ለስላሳ በሳጥን ይገባል፣ አግዳሚ ወንበር ከየቤቱ ይለቀማል። በሠርጉ ዕለት ከወጥ ቤት ሳይወጣ ሽንኩርት ሲከትፍ የዋለ ሰው ሠርጉን የሚያየው ያን ቀን ነው።

እነዚያ ቪዲዮዎች ላይ የሠርጉ ድምፅ አልነበረም። አንሺው የቀረጸውን ድምፅ ያጠፋና በቦታው ገበያ ላይ ያለ ካሴት ይጭንበታል። አያት ሙሽሮቹን ሲመርቁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን ስለ አንዲት ጠይም ልጅ ዐይን የሚያንጎራጉር ጎረምሳ ነው። ቅር የሚለው ሰው አልነበረም። ቪዲዮ ማለት ይሄ ነው ብለን ተቀብለነው ነበር። እኔ ያኔ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የኪነ ጥበብ ገጽ ላይ እሠራለሁ፤ የሰማሁትን ሳላጣራ አላምንም። ቢሆንም ይህን ነገር እንደ ጥያቄ አንስቼው አላውቅም። ያነሳችው ጎረቤቴ ናት።

ጎረቤቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ መኪና ላይ ትሠራ ነበር። ልጆች ያሳደገች፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል። የሰፈራችንም አውጪ እሷ ነበረች። የሠርግ ዘፈን በአንድ ሰው አይሆንም፤ አንዷ ግጥሙን እያወጣች ትለቃለች፣ ሌሎቻችን ተቀብለን እንመልሳለን። ጥሩ አውጪ ግጥሙን እዚያው ቆማ ነው የምትሠራው። የሙሽራውን ጫማ ታያለች፣ የአማቱን ኩርፊያ ታያለች፣ በሁለት ስንኝ ጨርሳ ለእኛ ታቀብለናለች።

የእትዬ ድምፅ ትልቅ ድምፅ አልነበረም። ፋብሪካው ውስጥ ሰው ለማውራት ከመኪናዎቹ በላይ ይጮሃል፤ እሷ ግን አትጮህም። ከጩኸቱ መሃል ቀጭን መንገድ ፈልጋ ድምጿን በዚያ ታሳልፈዋለች። ድንኳን ውስጥም እንዲሁ ነበር። ከበሮው፣ እልልታው፣ የሳህኑ ኳኳታ ሁሉ እያለ እሷ ያለችው ቃል ጥግ ላይ ለተቀመጠው ሰውዬ ሳይቀር ይደርሳል።

እኔ ከተቀባዮቹ አንዷ ነበርኩ። ጎበዝ ነበርኩ አልልም። "አንቺ ልጅ፣ እንደ ጋዜጣሽ ሁሌ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው የምትደርሺው" ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሜክሲኮ ወደ መካኒሳ በውይይት ታክሲ ስንመጣ፣ እሷና እኔ ፊት ለፊት ተቀምጠናል፣ ሹፌሩ አዲስ የሠርግ ካሴት ከፍቷል። አንድ ወንድ ያወጣል፣ ሴቶች ይቀበላሉ። ቄራን ሳናልፍ እትዬ ጉልበቴን ያዘችኝ።

"ስሚ" አለችኝ።

ሰውየው እንዲህ እያለ ነበር፦

"ከጎፋ እስከዚህ ሙሽራው ደከመው፣
ጫማው አዲስ ሆኖ መንገዱ ረዘመው።"

ግጥሙ የእሷ ነው። ይህን የምለው ስላለችኝ አይደለም፤ አምና ይህን ስትል አጠገቧ ቆሜ ተቀብያታለሁ። ሙሽራው እውነትም ከጎፋ ነበር የመጣው፣ ጫማውም እውነትም ጠብቦት ያነክስ ነበር። ግጥሙ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ቆይቶ ካሴት ላይ ደርሷል። ጎፋን እንኳን አልቀየሯትም።

ስንወርድ ሹፌሩን የካሴቱን ሽፋን እንዲያሳየን ለመንነው። የዘፋኙ ፎቶ አለ፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ ስም አለ፣ የስቱዲዮው ስም አለ። ከታች "ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ" ይላል። ተቀባዮቹ የሉም።

እትዬ ሽፋኑን መለሰችለት።

"ሕዝብ ማን ነው?" አለችኝ በእግራችን ስንሄድ።

"ሁሉም ሰው ነዋ።"

"ሁሉም ሰው የእሱን ጫማ አላየም። እኔ ነኝ ያየሁት።"

አልተናደደችም። ትንሽ ሄደን፣ "የሚቀጥለውን እኔ ነኝ የማወጣው" አለች። ሠርግ መስሎኝ ነበር። ካሴት ማለቷ ነበር።

ታክሲ ተራው አጠገብ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር። ባለቤቱ ካሴት ይሸጣል፣ አንዳንዴም ራሱ ያሳትማል። ለገጼ ወሬ ለመልቀም በየሳምንቱ እሄድበታለሁ፤ ሻይ ያዝዝልኛል፣ ምን እንደተሸጠና ምን እንዳልተሸጠ ይነግረኛል። ከፋሲካ ማግስት ስሄድ ለመጪው ጥር የሚደርስ የሠርግ ካሴት እያሰናዳ መሆኑን ነገረኝ።

"ዘፋኙን ይዣለሁ" አለ። "ስቱዲዮውም ለሰኔ ተይዟል።"

"ዘፋኙ ወንድ ነው?"

"ታዲያ።"

"ጋሼ፣ ወንድ የሚያወጣበት ሠርግ የት አይተዋል?"

ብርጭቆውን አስቀምጦ አሰበ። የማይዋሽ ሰው ነበር። "አላየሁም" አለ። "ግን ሠርግ ሌላ ነው፣ ካሴት ሌላ ነው። ካሴት ላይ የሴት አውጪ አይሄድም ይላሉ።"

"እነማን ናቸው የሚሉት?"

"ገበያው።"

"ገበያውን አነጋግረውት ያውቃሉ?"

"አንቺ ልጅ፣ የቃለ መጠይቁን ነገር ለቢሮሽ አድርጊው። ያሰብሻት ሴት ካለች አምጫትና ልስማት።"

በማግስቱ ከፈረቃ ስትወጣ ይዣት ሄድኩ። ትከሻዋ ላይ የክር ቁራጭ እንዳለ ነበር። ነጋዴው ሱቁ ደጃፍ ላይ የሚጮኸውን ድምፅ ማጉያ አጠፋ። ከመደርደሪያውና ከባንኮኒው መሃል አቆማትና "በይ እህቴ" አላት።

እትዬ አንድ ግጥም አወጣች። ከዚያ ዝም አለች። እየጠበቀች ነበር። ሰውየውም እየጠበቀ ነበር። ካሴት ሊገዙ የገቡት ሁለት ወጣቶችም ቆመው ጠበቁ። ተቀባይ መሆኔ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው፤ ብቻዬን ተቀበልኩ፣ ድምፄም መሃል ላይ ተሰበረ። አንደኛው ወጣት ጀርባውን አዞረልን፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬም ሳቀች።

"ድምፅሽ ደህና ነው" አላት ነጋዴው። "ግን ሰው ከመቀመጫው አያስነሳም።"

"ጋሼ፣ እኔ ብቻዬን ዘፍኜ አላውቅም። ተቀባይ ከሌለ ለማን ላውጣ? በዚህ ወር መጨረሻ ጎረቤታችን ልጃቸውን ይድራሉ። ይምጡና ይዩኝ።"

"በሠርግ ወቅት ሱቄን ጥዬ የትም አልሄድም።"

"እንግዲያው ቪዲዮውን ይዩ።"

"ቪዲዮውን አያለሁ" አለ። "ከልቤ ነው። ግን ያኔም ካላሳመንሽኝ ከሰውዬው ጋር እገባለሁ። ስቱዲዮው አይጠብቀኝም።"

ስለዚህ የእትዬ ነገር ሁሉ በአንድ ቪዲዮ ላይ ቆመ።

ሠርጉ ደረሰ። የሙሽራዋ እናት ቆንጠጥ ያሉ፣ ቤታቸው ቴሌቪዥንና ዴክ ያለ ሴትዮ ናቸው፤ ለቪዲዮው ሰፈሩ ውስጥ ስሙ የታወቀውን አንሺ ነው የያዙት። አንሺው ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ገመዱን በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ጠምጥሞ ሲዘጋጅ እትዬ ከበሮዋን እንዳንጠለጠለች ሄደችበት። እኔ አብሬ ነበርኩ።

"ስማ" አለችው። "እኔ የማወጣበት ቦታ ላይ ዘፈን እንዳትጭን። የራሴ ድምፅ ይቀመጥ።"

"የራስሽ?"

"የራሴ።"

"እሺ እትዬ። ችግር የለም።"

የዚያን ቀን እንደዘፈነችው ዘፍና አታውቅም። ከወንዱ ወገን የመጡት ሰዎች አጨብጭበው ሲጨርሱ መልሰው ይጠሯታል። አንዱን የሙሽራው አጎት በግጥም ከነካችው በኋላ ሊያኮርፍ ሲል እንደገና አሞግሳ አስነሳችው፤ እስክስታ ወረደ። አንሺው በመብራቱ እየተከተላት ፊቷን፣ አፏን፣ እጇን አነሳ። ወጥ ቤት ሽንኩርት ሲከትፉ የነበሩ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ጆሯቸውን ወደ ድንኳኑ አቅንተው ነበር ተባለ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ "ደርሷል" ተባለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሙሽራዋ እናት ሳሎን ሞላ። ነጋዴው በቃሉ መጣ፤ የቆዳ ጃኬቱን ለብሶ ሶፋው መሃል ላይ ተቀመጠ፣ ለስላሳም ተከፈተለት። እትዬ ከእሱ ራቅ ብላ በርጩማ ላይ ናት። ፀጉሯን ተሠርታ ነበር። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ጴንጤዋ ጎረቤታችን ተቀምጣለች፤ ከደቡብ የመጣች፣ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ያለች ሴት ናት። ሠርግ ላይ አትዘፍንም። ግን ሽንኩርት በመክተፍ የሚደርስባት የለም፣ በዚያም ሠርግ ላይ ወጥ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች። አንሺው ደግሞ የሥራውን ምስጋና ለመቀበል በሩ ላይ ቆሟል።

ቪዲዮው ተጀመረ። የሙሽሮቹ ፎቶ ልብ ውስጥ ገብቶ ተሽከረከረ፣ ልቡ ወደ ጽጌረዳ ተቀየረ፣ ሁሉም "ውይ" አለ። ከዚያ ሙሽራዋ ስትለብስ፣ መኪናዎቹ ሲሰለፉ፣ አያትየው ሲመርቁ። ከሁሉም በላይ አንድ ጎረምሳ ያንጎራጉራል። እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው፤ እትዬም አልደነገጠችም። የእሷን ቦታ ነው የምትጠብቀው።

ድንኳኑ መጣ። እትዬ ከበሮ ይዛ ከመሃል ብቅ አለች። እጇን አነሳች። አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ የወንድ ነበር፤ ጥላው ስለሄደች ፍቅረኛው በሲቃ የሚያለቅስ፣ ወፍራም፣ የተከፋ ድምፅ።

ሳሎኑ ፈነዳ። የሙሽራዋ እናት በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ይጠርጋሉ። እትዬ ስክሪኑ ላይ እየሳቀችና እየተውረገረገች "ጥለሽኝ ሄድሽ" ትላለች። እኔም ተቀባይ ነኝና ከኋላዋ አፌን ከፍቼ እዘጋለሁ፤ ከእኔ የሚወጣው ሳክስፎን ነው።

"ይቺ ናት ድምፅሽ?" አላት ነጋዴው እንባው እየመጣ። "ጎርነን ብሏል።"

እትዬ አልሳቀችም። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ዞረች።

"ምን ብዬህ ነበር?" አለችው አንሺውን።

"እትዬ፣ ሰማሁት እኮ" አለ አንሺው። እውነትም ያሰበላት ይመስል ነበር። "ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ጄነሬተሩ ይጮሃል። ውሻ ይጮሃል። አንድ ሰውዬ 'ቀዩን ወጥ ወዲህ በለው' ይላል። ይሄን ሥራዬ ነው ብዬ ላውጣ? ሰው ምን ይለኛል? ለአንቺ ስል ሰሞኑን የወጣውን ካሴት ነው የጫንኩት። ሌላው ቦታ ላይ ያለው የአምናው ነው።"

"ውሻው ምን አደረገህ? ውሻም እኮ ሠርግ ላይ ነበር።"

"የእኔ ቪዲዮ ላይ ውሻ ጮሆ አያውቅም።"

"ዋናው የቀረጽክበት ክርስ?" አልኩት እኔ። "ካሜራው ውስጥ የነበረው።"

አንሺው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። "ባለፈው እሑድ ላፍቶ ሌላ ሠርግ ነበረኝ" አለ። "በላዩ ላይ ቀረጽኩበት።"

ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። የዚያን ቀን የነበረው ድምፅ በላፍቶ ሠርግ ተሸፍኗል። ነጋዴው ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ጃኬቱን አስተካከለ። "በሉ፣ ደስ የሚል ሠርግ ነበር" አለ። "እህቴ፣ እንግዲህ እኔ ቃሌን ጠብቄ መጥቻለሁ…" ብሎ መነሳት ጀመረ።

ያን ጊዜ ጴንጤዋ ጎረቤታችን ተነስታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ቀነሰችው። ሰውየው በሲቃው መሃል ተቆረጠ።

"ይሄን ልቅሶ ከጀመረ ጀምሮ ሳልወድ ነው የሰማሁት" አለች። "ቁጭ ይበሉ ጋሼ። እኔ በሠርጉ ቀን ወጥ ቤት ነበርኩ፤ የእነ እትዬን ድምፅ ሰምቻለሁ፣ አፋቸውን አላየሁም። ዛሬ አፋቸው እዚያ ውስጥ አለ፣ ሰዎቹ እዚህ አሉ። ምን ጎደለ?"

"ጴንጤዋ ዘፈን አዘዘች" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

"እኔ ምንም አላዘዝኩም። ቴሌቪዥን ነው የቀነስኩት" አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ለአንሺው፣ "አንተ፣ ወደኋላ መልስላቸው። ይሄን እንኳን አድርግ።"

አንሺው ዴኩ ፊት ተንበርክኮ ክሩን አጠነጠነ። ተቀባዮቹ ከየተቀመጥንበት ተነስተን እትዬ ጀርባ ቆምን። ከበሮ አልነበረም፤ አንዷ ባዶ ጀሪካን ከጓዳ አመጣች፣ አንዷ ትሪውን ከብርጭቆ አራቆተች። ስክሪኑ ላይ ድንኳኑ ተመልሶ መጣ፣ ያለ ድምፅ። እትዬ ብቅ አለች። እጇን አነሳች፣ አፏን ከፈተች። በርጩማዋ ፊት የቆመችውም እትዬ አፏን ከፈተች።

ያን ቀን ምን ብላ እንደነበር አላስታወሰችም። ማናችንም አላስታወስንም። ስለዚህ ያየችውን ማውጣት ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ከሙሽራው ጀርባ አንድ ረጅም ሚዜ ሳህን ላይ አቀርቅሯል፦

"ያ ረጅሙ ሚዜ ከረባት ያሰረው፣
ሙሽራውን ረስቶ ሥጋውን ቆጠረው።"

ተቀበልን። ዘግይተን ነው የተቀበልነው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም ዘግይቼ። ሁለተኛው ላይ ተገናኘን። ሦስተኛው ላይ የጀሪካኑ ምት ከስክሪኑ ከበሮ ጋር ገጠመ፤ ከዚያ በኋላ የትኛዋ እትዬ እንደምታወጣ መለየት አስቸገረ። የሙሽራዋ እናት ተነስተው ነበር። መስኮቱ ላይ ሰው ተደራርቧል። እትዬ አንሺውን በዐይኗ ፈለገችው፦

"አፌን በካሜራ አሳምሮ ያነሣው፣
ድምፄን በምን ኪሱ የትስ ወስዶ ረሳው።"

አንሺው ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ምቱን ይዞ ነበር። ነጋዴው ሶፋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ እጁ ጃኬት ኪሱ ውስጥ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። እንዲህ ያለ ፊት በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ሰው ሐሳቡን እየቀየረ ሳለ እንዳይታወቅበት የሚይዘው ፊት ነው። እትዬም አላለፈችውም፦

"ሶፋው ላይ ያረፈው የካሴት ነጋዴ፣
ማጨብጨብ አይችልም እጅ የለውም እንዴ።"

ቤቱ እልል አለ። ነጋዴው መጀመሪያ አንድ እጁን አወጣ። ቀጥሎ ሌላውን። ከዚያ ሊያጨበጭብ ብሎ ተነሳ፤ ቆሞ እንደሆነ ራሱም ያወቀው ቆይቶ ነው።

"ከመቀመጫው ተነሳ" አለች ጴንጤዋ፣ ለማንም ሳይሆን።

ክሩ ወደ ኬክ ቆረሳው ሲያልፍ ዘፈኑም አበቃ። ነጋዴው ላቡን እየጠረገ እትዬ ዘንድ መጣ።

"የካሴቱን ሁለተኛ ገጽ፣ ሳይድ ቢን ውሰጂ" አላት።

"ሳይድ ኤውስ?"

"እሱ የሰውዬው ነው። ቃል ገብቼለታለሁ፣ እንደ አንቺው።"

ትንሽ አሰበች። "ይሁን። ተቀባዮቼስ?"

"ስቱዲዮው የራሱ ተቀባዮች አሉት። የሠለጠኑ ናቸው።"

"የሠለጠኑትን ለሰውዬው ይስጧቸው። እኔን ሱቅዎ ውስጥ ብቻዬን ሰምተውኝ የለ? አልወደዱኝም። ዛሬ የወደዱት እኔን ከእነሱ ጋር ነው።"

ነጋዴው ወደ እኛ አየ፤ አንዷ ጀሪካን፣ አንዷ ትሪ፣ እኔ ምንም አልያዝኩም። "እሺ" አለ። "ሌላ?"

"ሽፋኑ ላይ ግጥም የሕዝብ አይበል።"

"ታዲያ ምን ይበል?"

"ስሜን ነዋ ጋሼ። የተቀባዮቹንም። ቦታ ካነሰዎት የሰውዬውን ፎቶ ትንሽ ያሳንሱት።"

ሰኔ ላይ ስቱዲዮ ገቡ። ገቡ ያልኩት እኔ ስላልገባሁ ነው። እትዬ በመንገድ ላይ ክንዴን ይዛ፣ "አንቺ ውጪ ሆነሽ ብትጽፊልን አይሻልም?" አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ። አልተከፋሁም፤ ተቀባይነቴን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ በበሩ ስንጥቅ ሰማኋቸው፣ ከዚያም ስለ ካሴቱ ጻፍኩ። አዘጋጄ ከገጹ ግርጌ ላይ አወጣልኝ፣ አጠር አድርጎ።

ካሴቱ ጥር ሳይገባ ወጣ። ነጋዴው ሱቁ ደጃፍ ላይ ሲያጫውተው መጀመሪያ ሰሞን የሰውዬውን ሳይድ ነበር፤ የሸማቹን ፊት እያየ ቀስ በቀስ መገልበጥ ጀመረ። ከሁሉም በላይ የተሸጠ ካሴት ነበር ብል ውሸት ይሆናል። ግን ውይይት ታክሲ ውስጥ ሁለት ጊዜ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ በሁለተኛው ቀን እትዬ አብራኝ ነበረች፤ ሹፌሩን ሽፋኑን እንዲያሳያት ጠይቃ የራሷን ስም ስታነብ ቆየችና "ሕዝብ ነኝ" ብላ መለሰችለት። ሹፌሩ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም።

በዚያው ጥር ከእኛ ግቢ ሦስተኛው ቤት ሠርግ ነበር። እትዬ አወጣች፣ ተቀበልን፣ ያው አንሺ ቀረጸ። በዚህኛው ቀን ስለ ድምፅ ምንም አላለችውም። ቪዲዮው የደረሰው ጾም ሳይገባ ነው። ሳሎኑ ሌላ ቢሆንም ሰዎቹ ያው ነን፤ ጴንጤዋ እንደ ልማዷ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ አንሺው በሩ ላይ። ፊቱ ላይ አንድ የደስ ደስ አለ፣ ስጦታ ይዞ የመጣ ሰው ዓይነት።

ድንኳኑ መጣ። እትዬ ስክሪኑ ላይ እጇን አነሳች፣ አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ የእሷው ነበር። ሳይድ ቢ፣ የመጀመሪያው ዘፈን። አንሺው ካሴቷን ጭኖባታል።

አፏ አንድ ነገር ይላል፣ ድምጿ ሌላ። በዚያ ሠርግ የሙሽራዋን አክስት እያሞገሰች እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ድምጿ ግን ያን ረጅም ሚዜ ሥጋ ያስቆጥረዋል። ስክሪኑ ላይ ስትስቅ ካሴቱ ላይ ታወጣለች፣ ካሴቱ ላይ እኛ ስንቀበል ስክሪኑ ላይ እሷ ውሃ ትጠጣለች። ማለቴ እነሱ ሲቀበሉ፤ እኔ እንኳን ካሴቱ ላይ የለሁም። ግን ስክሪኑ ላይ አለሁ፣ አፌን ከፍቼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በልኩ የምቀበል ተቀባይ ሆኜ።

"ገበያ ላይ ካለው ምርጡን ነው የጫንኩት" አለ አንሺው ከበሩ።

እትዬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ሳቋን ይዛ ነበር፣ እስከ መጨረሻው መያዝ አልቻለችም።

ጴንጤዋ እጇን ወደ ድምፅ መቀነሻው ዘረጋች።

"ቆይ" አለቻት እትዬ። "ይቺን ግጥም ላስጨርሳት።"

ግጥሟ አለቀች። ተቀባዮቹ ተቀበሏት።

"አሁን ቀንሺው" አለችና ትሪውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ሰጠችኝ።